ጋቢ የተቀመጠበት ወንበር

ደባርቅ መናኸሪያ አውቶቡስ የሚወጣው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነበር። የስምሪት ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ይህን እንደ ዝናብ ቆጥሬ ተቀበልኩት፤ ሲመጣ ይመጣል። በማለዳ የተሳፈረ ሰው ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ይቀመጣል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "የሞላ ጎንደር! የሞላ ጎንደር!" ይላል፤ መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። ዳባት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከደባርቅ ሞልቶ የተነሣ አውቶቡስ እዚያ ስለማይቆም፣ ጎንደር የሚሄድ የዳባት ሰው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ደባርቅ ይመጣል፤ ወንበር ይይዛል፤ ከዚያ በገዛ ቤቱ ደጃፍ አልፎ ጎንደር ይገባል። ይህን የሰማ ከክልል የመጣ ወጣት ባለሙያ ሳቀ። እኔ ለምጄው ስለነበር አላሳቀኝም።

ነገሩ ያንገበገበኝ በአባቴ ዓይን የመጣ ጊዜ ነው። አባቴ ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው። ፊደል የቆጠርኩትም እሳቸው ዘንድ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ተማሪ "የኔታ" ነው የምላቸው። ግራ ዓይናቸውን የዓይን ግፊት አጥፍቶታል፤ የቀረው ቀኙ ነው። የጎንደሩ ሐኪም "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን እናድን" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፤ እኛ ደግሞ አውቶቡሱ እስኪሞላ ጠብቀን ስንደርስ ካርድ ክፍሉ ተዘግቶ ይጠብቀናል። ሌላ ቀጠሮ ተቀብለን እንመለሳለን። የኔታ አይናደዱም፤ "እግዜር ያላለው ነው" ብለው መቋሚያቸውን ያነሣሉ። እኔ ግን እናደዳለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ስለዚህ የአካባቢው የአውቶቡስ መስመሮች ማሻሻያ እቅድ ይዘጋጅ ሲባል ማንም ሳይጠራኝ ገባሁበት። ወጣቱ ባለሙያ "ኔትወርክ"፣ "ፓይለት" ባለ ቁጥር እኔ በሆዴ "ካርድ ክፍል" እላለሁ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ በመጨረሻ ግን በአንዲት አውቶቡስ ልንሞክረው ተስማማን። የጧቷ አውቶቡስ ሞላችም አልሞላች በተቆረጠላት ሰዓት ትወጣለች። ለዳባት ሰው ጥቂት ወንበር ይተውለታል። ከበየዳና ከጊች የሚመጣውም ሰው ሰዓቷን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዋዜማውን ደባርቅ ገብቶ ያድራል። እነዚህን ሁሉም ወደደ። ያጨቃጨቀው እኔ የጨመርኩት ደንብ ነው፦ ዕቃ ወንበር አይዝም።

በእኛ አገር ሰው ወንበሩ ላይ ጋቢውን ወይም ነጠላውን አስቀምጦ ይወርዳል። አንዱ ዘመድ ሊሰናበት፣ አንዱ ሻይ ሊጠጣ። ጋቢው እስካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። ማንም አያነሣውም፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ ሹፌሩም ባለቤቱ ሳይመጣ ቢነሣ ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ "ሰው አለ!" ብሎ ያስቆመዋል። ባለቤቱ አንድ ቅራሪ ደግሞ እስኪመጣ ሙሉ አውቶቡስ በትዕግሥት ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህ ሳይቀር የተቆረጠ ሰዓት የሚባል ነገር ከንቱ ነው።

የኔታ ደንቡን ሲሰሙ ከመደባቸው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ጋቢውን አስቀምጦ የወረደ ሰው አደራ ሰጥቶ ነው የወረደ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

"ለእርስዎ ዓይን ስል ነው፣ የኔታ" አልኳቸው።

"ለኔ ዓይን ብለህ የሰው አደራ አታስበላኝ" አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ሹፌሮቹ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያሉ ሙድ ያዙብኝ። ለጧቷ አውቶቡስ የተመደበው ሹፌር ግን ቁም ነገረኛ፣ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው። በሙከራው ዋዜማ "ማንንም እንዳትጠብቅ፤ አባቴም ቢሆን" አልኩት። እንዲያው ለአነጋገር ያህል ነበር።

ሙከራው ሰመረ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው በሩጫ ደረሰ፤ ከዚያ ለመደው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሀጂ ጎንደር ደርሰው፣ ዕቃቸውን ገዝተው፣ በዚያው ቀን ሱቃቸውን መክፈት እንደቻሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ሥራዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የየኔታ ቀጠሮ በደረሰ ቀን እኔ የዳባቱን ሰልፍ ለማየት ቀድሜ ዳባት ነበርኩ። እህቴ አሳፍራቸው ልትመለስ፣ እኔ ከዳባት ተሳፍሬ ጎንደር ላደርሳቸው ተነጋግረናል። ብርዱ ይቆርጣል፤ ጉሙ ከመንገዱ አልተነሣም። አውቶቡሷ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል ሰዓቴን አየሁ። ልክ ነው። ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት ጎንደር እንገባለን ብዬ እንደ ልጅ ፈነደቅሁ።

በሩ ተከፍቶ ስገባ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ የየኔታን ጋቢ አየሁት። ጋቢው ብቻውን ነው። አጠገቡ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች።

"የዚህ ባለቤት የት አሉ?" አልኳት።

"ኧረ የኔታን ጥለናቸው መጣን!" አለች። ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ የመጣች ናት። ለልጇ ዳቦ ልትገዛ ነጠላዋን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ወርዳ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ የኔታ "ይቺ ሴት ልትቀር ነው፤ ልጥራት" ብለው ጋቢያቸውን ትተው ወረዱ። እሷ በጎናቸው አልፋ ስትገባ አላዩዋትም። የት ሊያዩዋት! ተሳፋሪው "ሊጠሩሽ ወረዱ" ሲላት መኪናው ተንቀሳቅሷል። ሁሉም "ሰው አለ!" ብለው ጮኹ።

ሹፌሩን አየሁት። "አባቴም ቢሆን ብለኸኛል" አለኝ። ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም።

የገበያ ቀን ስለነበር ከዳባት የተሳፈረው ሰው ከተተወለት ወንበር በላይ ሆነ። የተረፉት መተላለፊያው ላይ ቆሙ፤ ጋቢው ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። "ሰውየው ደባርቅ ቀርተዋል፤ ተቀመጡ እንጂ" አልኩ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው "እንዴት ተደርጎ?" አሉኝ። አባቴ መሆናቸውን ተናግሬ ጋቢውን ይዤ ልወርድ እጄን ብዘረጋ ሴትዮዋ ክንዷን ጣለችበት።

"አላውቅህም ወንድሜ፤ ለባለቤቱ ነው የምሰጥ።"

አውቶቡሷ እንዳትዘገይ ወረድኩ።

ለደባርቁ ተራ አስከባሪ ደወልኩ። የኔታ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው አሁንም ያቺን ሴት ሲፈልጉ አገኛቸው። ከሊማሊሞ የወጣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ዳባት አደረሳቸው፤ አብረን ጎንደር ስንገባ ቀኑ ተጋምሷል። ካርድ ክፍሉ ተዘግቷል። በመስኮቱ ያለው ሰው ራቅ ያለ ቀን ጽፎ ሰጠን። እንባዬ መጣ፤ ለሰው ላለማሳየት ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ለመመለስ መናኸሪያ ስንደርስ ያቺ ሴት በሩ ላይ፣ ልጇን አዝላ፣ ጋቢውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከወረደችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ የመጣችበትን ጉዳይ እንኳ አልሄደችበትም። "የኔታ!" ስትላቸው በድምፅዋ ለይተው "መጣሽ ልጄ? ሳላገኝሽ ቀርቼ" አሏት። ጋቢውን ራሷ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸውና መስቀላቸውን ተሳልማ ሄደች።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቀኝ ዓይናቸውም ጨለመ። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያን የጨመርኩትን ደንብ ከእቅዱ ላስወጣ ሞክሬ ነበር። ውጤቱ ያማረ ስለሆነ እንዳይነካ ተባለ፤ ወደ ሌሎቹ መስመሮችም ተስፋፋ። ዛሬ ወንበር ላይ ጋቢ የሚያስቀምጥ ሰው እምብዛም አይታይም።

ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ዛሬም በቃል ያስተምራሉ፤ ጉባኤውን የሚጀምሩት በጧቷ አውቶቡስ ክላክስ ነው፤ እሷ አትሳሳትም። ክላክሱ ሲሰማ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞሩና "ወጣች" ይላሉ። ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቁኛል፤

"ዛሬስ ማንን ትታ ወጣች ይሆን?"