ጭቃ የተነከረ ነጠላ

ነጠላዬን አጥቤ ሳሰጣ አውሮፕላን ከሰማሁ ዛሬም ሮጬ አነሣዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አውሮፕላን ነጭ ያየበትን ይደበድብ ስለነበር ነጠላችንን ጭቃ ነክረን ነበር የምንለብሰው። እኔ ግን ለአሸተን ማርያም ንግሥ ብዬ ንጹሑን ለበስሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚያወጣው ዳገት ላይ ሳለን ሰማዩ አጉረመረመ። የንስሐ አባታችን ጎትተው ቋጥኝ ሥር ከተቱኝና በጥቁር ካባቸው ሸፈኑኝ። ካባቸው ጧፍ ጧፍ ይሸታል።

«አይዞሽ ልጄ፤ የፈርዖንን ሠራዊት ባሕር ያሰጠመ አምላክ ከእኛ ጋር ነው» አሉኝ።

«እዚህ ባሕር የት አለ፣ አባ?»

ልባቸው ጆሮዬ ሥር ድው ድው ይላል። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ከመንገዱ አጠገብ ካለ ምንጭ ዳር ጭቃ ዘግነው ነጠላዬን ለቀለቁት።

«ባሕሩን ለአምላክ ተይው፤ ጭቃው ግን የእኛ ድርሻ ነው።»

ዛሬ የሚመጣው አውሮፕላን ቱሪስት የጫነ ነው። ነጠላዬን መልሼ አሰጣዋለሁ፤ ነጭ እንደሆነ።