ሃላዋ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ

ኢየሩሳሌምን በተሳለምሁበት ዓመት ዐረቦቹ ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠሩትን ሃላዋ ቀምሼ፣ ጣዕሙ ከልቤ ሳይጠፋ ኖረ። የጾም መሆኑ ደግሞ ፍቅሬን አጸናው። ዘንድሮ በጾመ ነቢያት ደብረ ማርቆስ መሸጥ መጀመሩን ስሰማ፣ ደስታዬን መሸከም አቅቶኝ ከዲማ ገሠገሥሁ።

ከመኪና እንደ ወረድሁ ያገኘኋቸውን አንድ ቄስ፣ «አባቴ፣ ከዲማ መምጣቴ ነው፤ ሃላዋ ከወዴት ይገኛል?» አልኋቸው።

«እሱማ ከእኛ ሰው ዘንድ ነው! ይከተሉኝ» ብለው እየመሩ ከአንድ አረጋዊ መምህር ቤት አስገቡኝ። «የኔታ፣ እኒህ አባት ስለ ህላዌ ሊጠይቁዎ ከዲማ መጥተዋል።»

የኔታ ፊታቸው በራ። «ህላዌ ማለት መኖር፣ ባሕርይ ማለት ነው» ብለው ጀመሩና ምሥጢሩን ያመሰጥሩት ገቡ። መምህር አቋርጦ መናገር ነውር ነውና እየተቁነጠነጥሁ አዳመጥሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን፣ ሱቁ ሳይዘጋ ብዬ ደፈርሁ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ የፈለግሁት የሚበላውን ነው።»

«የሚበላ ህላዌ!» ብለው ቄሱ አማተቡ።

የኔታ ግን መጽሐፉን አጥፈው ትራሳቸውን ገለጥ አደረጉ። «ገበያ ወርደው አይልፉ። የቀረችውን አንዲት ጣሳ ጧት የገዛሁት እኔ ነኝ። አባ፣ ቢላዋ ያምጡ!»