አሥራ አንድ ሰከንድ

አንቴና ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እህቱና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። ቁመቱ መለሎ፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ሥራው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ መጠገን፤ ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት ባይታወቅም፣ ያወጣው ሰው ብዙ እንዳልተጨነቀ ግልጽ ነው። ሬዲዮ የሚያስጠግን ሲጠፋ ሱቁን ዘጋና፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ አምስት ወጣቶች ያቋቋሙት ስታርታፕ ውስጥ ተቀጠረ። ቢሯቸው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ወንበሩ ስለማይበቃ ዘግይቶ የመጣ ሰው መስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል።

የሚሠሩት ሲነገር ቀላል ነው። ብቻቸውን በሚኖሩ አዛውንቶች ቤት፣ በግድግዳው ሶኬትና በሻይ ማፍያው መካከል የምትሰካ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ አለች። ጠዋት ማፍያው ሲበራ ዕቃዋ በኢንተርኔት ወሬ ትልካለች፣ የልጃቸው ስልክ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ እማዬ ተነስታለች፣ ሻይ ጥዳለች ማለት ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ካልበራ ነጥቧ ትቀላለች።

«የነገሮች ኢንተርኔት ይባላል፣ ጋሼ» አለችው ፕሮግራሙን የምትጽፈው ልጅ በመጀመሪያው ቀን።

«ነገር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኢንተርኔት የፈለገው? በእኛ ሰፈር እንደሆነ ያለ ገመድ ነው ከቤት ቤት የሚዞረው» ቢላት አምስቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያለ እሱ ሻይ አይጠጡም ነበር።

የመጀመሪያዋን ዕቃ የሰካው እህቱ ቤት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችው፣ ሙያ ትምህርት ቤት አስገባችው። ሊያገቧት የመጡትን «ልጁ ይደግልኝ» እያለች መለሰቻቸው፤ ልጁ ሲያድግ የሚመጣ አልነበረም። እስከዛሬ እትዬ ነው የሚላት።

እትዬ ሰው ማስቸገርን ከሌብነት ለይታ የማታይ ሴት ነበረች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብዳት፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ትጠብቅና የመጣችበትን መንገድ በእግሯ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ፣ ሐኪሙ የደከመው መስሏት፣ ደህና ዋል ብላው ከነጥርሷ መጥታለች። አንቴና ይህን ለሰው ሲያወራ ይስቃል፣ ሰሚውም ይስቃል።

ዕቃዋ ከመሰካቷ በፊት ሁልጊዜ ጠዋት በእሷ በኩል ነበር የሚያልፈው። በር ላይ ቆሞ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፣ እሷ ኮሌታውን ታስተካክላለች፣ ትንሽ ይነታረካሉ፣ ይሄዳል። ዕቃዋ ከተሰካች በኋላ ግን ምን ያስኬደዋል? አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ያያል፤ አረንጓዴ። አንድ እሑድ ይሄዳል፣ አንድ እሑድ ይቀራል። ለደንበኞችም «ከሰካሁላት ወዲህ እኔም ዕረፍት አገኘሁ» ይላቸዋል፤ ዋሽቶም አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ነጥቧ ቀላች። አንቴና ትልቅ ደንበኛ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እያየ ገና አንደኛዋን ዕቃ መፍታቱ ነው። ሁሉንም ወለሉ ላይ ጥሎ ሮጠ። የእህቱን በር በትከሻው ገፍቶ ሲገባ፣ እትዬ መነጽሯን አድርጋ የጎረቤት ልጅ ሱሪ ታሳጥራለች። ለካ ሻይዋን የጠጣችው ጎረቤቷ ጋ ኖሯል። ሰው ከድንጋጤው ሲመለስ ቁጣው ይቀድመዋል።

«እትዬ፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ይሄን ያህል ያቅታል? ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?»

መነጽሯን አወለቀች። «ይቅር በለኝ የኔ ጌታ። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ይህን ቃል ድሮ እሱ ነበር የሚላት፣ ሱሪውን ቀዶ ሲመጣ። እሱ ግን በሩን ዘግቶ ወደ ደንበኛው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ነጥቧ አንድም ቀን ቀልታ አታውቅም።

ነገሩ የሆነበት ሳምንት ረቡዕ አረንጓዴ ነበር። ሐሙስም አረንጓዴ፤ እንዲያውም ሐሙስ ሊደውልላት ስልኩን አውጥቶ፣ ነጥቧን አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ዓርብም አረንጓዴ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳ የምትጋራት ልብስ አጣቢዋ ጎረቤት ደወለች።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ። እትዬ መናገር አቅቷቸዋል።»

ሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም ወጣት ነው። «ሳንባቸው በጣም ተጎድቷል። በሽታው ከጀመራቸው ሦስት አራት ቀን ይሆነዋል። ያኔ መጥተው ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ቀሪውን ተወው።

«አይሆንም፤ ትናንት ጠዋት ደህና ነበረች» አለ አንቴናና ስልኩን አውጥቶ የዓርቧን አረንጓዴ ነጥብ አሳየው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ከሥራ ቀረህ?»

«ዛሬ እሑድ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ደህና» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን አንቴና ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ልጆቹ ሲያዩት ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሱ። ፕሮግራም የምትጽፈውን ልጅ «የእህቴን መዝገብ ክፈቺልኝ» አላት። ማፍያው በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደበራና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ተደርድሯል። አራት ደቂቃ። አራት ደቂቃ ከአሥር። ሦስት ከሃምሳ። አምስት ወር ሙሉ እንዲሁ። ከዚያ ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ። ሐሙስ ዘጠኝ። ዓርብ አሥር።

ልጅቷ አልገባትም። አንቴና ግን ዕድሜውን ከኤሌክትሪክ ጋር የጨረሰ ሰው ነው፤ ውሃ የሌለው ማፍያ እንዳይቃጠል ወዲያው ራሱን እንደሚያጠፋ ያውቃል። ቁጥሩ ሦስት ቀን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ነጥቧን በጣቱ ቢነካት ይከፈትለት ነበር። እሱ ቀለሙን ብቻ ነው ያየው። ልጅቷ ወንበሯን አስጠጋችለት።

«ይሄን እናስተካክለዋለን፣ ጋሼ» አለችው ሲነግራት፣ እያለቀሰች። «ከአንድ ደቂቃ ካነሰ ነጥቧ እንድትቀላ…»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እሱ ግን የልጅቷን ራስ በእጁ ዳበስ አድርጎ ወጣ።

እህቱ ቤት ሲደርስ ጎረቤቷን አንሶላዎቹን አጥባ ስታጣጥፍ አገኛት። ስለ ማፍያው ጠየቃት። ሴትዮዋ አንሶላውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ረቡዕ ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው፣ እዚሁ ማፍያው ሥር። ራሳቸው ተስበው መጥተው ነው የጫኑት፤ የውሃውን ጀሪካን ማንሳት አቃታቸው። ልደውልለት ስላቸው ‹በሞቴ እንዳትደውይ! ባለፈው እንኳ ከሥራው አስሮጬዋለሁ። ሲሻለኝ እኔው እነግረዋለሁ› አሉኝ። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ‹ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቁልፏን ጫኚልኝ፣ ውሃ አያስፈልግም፣ እንዳይደነግጥብኝ ነው› አሉኝ። ጫንኩላቸው፣ ጋሼ። ሾርባ ሠርቼ ባመጣ አልቀምስም አሉ። በሞቴ ብለውኝ እንዴት አድርጌ ልደውል?»

አንቴና ያንን የቁጣ ቃል ማታውን ረስቶት ነበር። እሷ ግን አምስት ወር ሙሉ በየማለዳው ቃሉን ይዛ ነበር የምትነሳው። ልቡ ተሰበረ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሴትዮዋ ደረቷን ትመታ ጀመር። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። በዚህ በገዛ እጄ!»

ጎንበስ ብሎ፣ በሳሙና ብዛት የተሰነጣጠቀ እጇን ያዘው።

«ተይ» አላት። «አንቺ እኮ ገብተሽ አይተሻታል።»