የመብያ እንጨቶችና ሰባቱ አያቶች

ትናንት ልጄ በስልክ ያዘዘችው ሱሺ የሚባል የጃፓን ምግብ ቤት ድረስ መጣላት። ከረጢቱን ስትገለብጠው በወረቀት የተጠቀለሉ የመብያ እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፉ፤ አዲስ የተላገ እንጨት ሽታቸው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ምግቡን ረስቼ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ፤ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ናሕሊኤል ሰፈር፣ እህቴ አስቴር ለማግባት ደፋ ቀና ወደምትልበት የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ በጋ።

አስቴር ከሠራዊት በወጣች በማግሥቱ በሚባል ፍጥነት አቪ የሚባል ልጅ ይዛ መጣች። ልጁ ጨዋ፣ ወላጆቹም እንደኛው ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ የቀረው ቆጠራው ብቻ ነበር። በእኛ ወግ ሁለት ሰዎች የሚጋቡት እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዘመዳሞች አለመሆናቸው ሲረጋገጥ ነው። ካልጠራ ሰርግ የለም፤ አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። እህቴ ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም።

አቪ ሁለቱን አባቶች በደስታ ላገናኝ ብሎ ቂሳርያን ሊያስጎበኘን ወሰደን፤ በጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሽ መሀል ፀሐይ ስትጠብሰን ከቆየን በኋላም ለምሳ ባህላዊ የጃፓን ምግብ ቤት አስገባን። ጫማችንን አስወልቀው መሬት ላይ አስቀመጡን። አባቴ እግሩን የሚያደርግበት አጥቶ፣ «መሬት ላይ መቀመጡንማ አገራችንም አላጣነው» አለ። ምግቡ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ተስፋችን ቁርጥ አለ፤ እንደ አዝራር የተደረደረ ቀዝቃዛ ሩዝ፣ በላዩ ጥሬ ዓሣ። አቪ «አባ፣ ሃኮል ካሸር፣ በሴደር ነው» እያለ፣ ሁሉም በሕጋችን የተፈቀደ ነው ብሎ ቢለምን፣ አባቴ «ልጄ፣ ይህ እኮ እሳት አላየም» ብሎ ሳህኑን ወደ እናቴ ገፋ፤ እናቴ ወደ እኔ። እኔ አንዱን ብጎርስ እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥለው አረንጓዴ ማጣፈጫ እንባዬን አወረደው።

የጠቀሙን እንጨቶቹ ብቻ ናቸው። አባቴና የአቪ አባት፣ አባ ፈረደ፣ ለአንድ አያት አንድ እንጨት እያስቀመጡ መቁጠር ያዙ። አስተናጋጇ የጠፋብን እየመሰላት ሌላ ትጨምራለች። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አምቦበር የሚባለውን መንደር ጠሩ። የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። አስቴር ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ።

«ከማን ቤት ነው የእርስዎ?» አለ አባቴ።

«ከማንም ቤት አይደለም። ከሰሜን ሚስቱን ይዞ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ሥራ ሲያገኝ እዚያው ቀረ።»

«ሸማኔው! አባቴ ስለሱ ያወሩልኝ ነበር፤ ከእኛ ጋር አይዛመድም» ብሎ አባቴ እንጨቱን አስቀመጠ። ሰባተኛውም ላይ ደረሱ፤ ሁለቱ መስመሮች የትም አልተገናኙም። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል አስቴር እንደ ሕፃን አለቀሰች፣ አቪ ባለበት ወደ ኋላ ተዘረረ፤ እኔም ያን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ስንመለስ ረሀቡ ስላላስኬደን ናሓል ሐደራ ወደሚባለው ወንዝ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወረድን። እናቴ ከቦርሳዋ ዳቦና ቅቅል እንቁላል አወጣች፤ ለካ ከጠዋት ጀምሮ ደብቃ ይዛው ኖሯል። ያን ያህል የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

አባቴም አባ ፈረደም አሁን የሉም። ትናንት ልጄ እየቀለጠፈች ስትበላ፣ እኔ የተረፉትን እንጨቶች ይዤ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እያልኩ ደረደርኩ። የአራተኛውን ስም ግን አላውቀውም፤ እጄ ቆመ።

«ኢማ፣ የቀሩትስ?» አለችኝ።

የቀሩትን ወደ ወረቀታቸው መለስኳቸው።