ሙቀት ያልለመደ ገላ

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ ከዚያ ዕድሜ አልፋለች። ባለፈው ሳምንት ለፈተና ስታጠና፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። እኔ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነውና የሰው ትምህርት መስማት እወዳለሁ።

በእያንዳንዷ ሕዋሳችን ውስጥ ረዳት ፕሮቲኖች አሉ አለችኝ። ሙቀት ሲበረታ ሌሎቹ ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይበላሻል፤ ረዳቶቹ ናቸው ደግፈው የሚያቃኗቸው። እነሱ እንዲመረቱ የሚያዘው ደግሞ ዲኤንኤው ላይ ያለ አጭር ቁራጭ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ አንድ ሌላ ፕሮቲን እዚያ ላይ ሄዶ ይቀመጣል፣ ምርቱም ይጀመራል።

«ቀደም ብሎ መጠነኛ ሙቀት የቀመሰ ሕዋስ ግን፣» አለች፣ «ረዳቶቹን አዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ኋላ የሚመጣውን ብርቱ ሙቀት ይችለዋል።»

ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። አስካለ ትዝ አለችኝ።

አስካለ የአክስቴ ልጅ ናት። ስፌት ልትማር ከጋራ ሙለታ ደጋ ወደ ድሬዳዋ እኛ ቤት የመጣችው በግንቦት ነው። እናቴ ከእኔ አብልጣ ያዘቻት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አላሳየቻትም፤ ወለሉን ውሃ እየረጨች፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቷ ላይ እየጣለች፣ ሐብሐብ እየቆረጠች ቤት አዋለቻት። ወተት የምታመጣልን፣ እንደ አክስት ኤዶ የምንላት ሶማሌዋ ሐሊማ ይህን አይታ ሳቀች። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ አስወጪያት፣ ገላዋ ይልመድ አለቻት እናቴን።

«የኔ ልጅ ግመል ናት እንዴ?» አለች እናቴ።

«ግመልም ቤት ካዋልሽው ፀሐይ ይጥለዋል፣ አቦ።»

ያወጣኋት እኔ ነኝ። እናቴ ለቅሶ የሄደች ቀን፣ መጋላ ገበያ ወስጄ ጨርቅ ላሳይሽ አልኳት አስካለን። ደቻቱን ማቋረጥ ነበረብን፤ ወንዝ ይባል እንጂ ያኔ አሸዋ ብቻ ነበር። ቀትር ነው። መሃሉ ላይ ስንደርስ መሳቅ ጀመረች።

«ጉም መጣ፣ ፍየሎቹን እናስገባ» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ እኔም ሳቅኩ። ፊቷን ሳየው ጠብታ ላብ የለውም። ከዚያ ወደቀች።

ውሃ አልያዝኩም። ጮህኩ፣ ሰዉ ሩቅ ነው። ሻሼን ፈትቼ ፊቷን ሸፈንኩት፤ ለቀረው ገላዋ ጥላዬን ልሰጣት ቆምኩ። የቀትር ጥላ ግን ከባለቤቱ እግር አይርቅም። ወዲህ ብቆም ወዲያ ብቆም፣ እጇን እንኳ አልሸፈነላትም።

ኋላ ሰዎች ደርሰው በጋሪ ሆስፒታል ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

«ጠዋት ጠዋት ብናስወጣት ኖሮ ትተርፍ ነበር?» ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኳት።

ደብተሯን ዘጋችው። «አላውቅም እማማ። ረዳቶቹም አቅማቸው ልክ አለው።»

ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ የመጣ እውቀት፣ መልሱን እንኳ ሳይዝ መጣ። ምን አደርገዋለሁ? ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ከዓመት በኋላ የአስካለ ታናሽ እህት ከደጋ መጣች። እናቴ ውሃ በቅል ይዛ፣ ፀሐይ እንደወጣች፣ እጇን ይዛ እስከ ደቻቱ ዳር ትወስዳትና ትመልሳት ነበር፤ በየቀኑ ጥቂት እርምጃ እየጨመረች።