ትሕትና ሌዘሯን የፈተሸች ዕለት

ትሕትናን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ይጁቤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እስከ ስድስተኛ ክፍል አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ሦስተኛም አራተኛም ትሆን ነበር። የሒሳብ ደብተሬን ትገለብጥ እንደነበር ዛሬ ብናገር ማን ያምነኛል። ሰባተኛን ስጀምር እናቴ ታመመች፣ እኔ ቤት ቀረሁ፣ ቀጥሎም ተድሬ ወደ ሮብ ገበያ መጣሁ። እሷ ቀጠለች። ደብረ ማርቆስ ቅየሳ ተማረች፣ በመንገድ ሥራ ደጀን ድረስ ዞረች፣ ለእናቷ ቤት ሠራችላቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ሳልጠይቅ ነው፤ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ከከተማው ዳር የእህል መጋዘን ግንባታ ሲጀመር በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። ለሰባት ዓመት በየግንባታው የያዝኩት ሥራ ቱቦ ነው። ውሃ የሞላውን ነጭ ቱቦ አንዱን ጫፍ ግንበኛው፣ ሌላውን እኔ እንይዛለን፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም መሬቱ ቢዘቀዝቅም ልኩ አይጠፋም። አየር የገባበት ቱቦ ልኩን ያሳስታል፤ እኔ ገና ከሩቅ አውቀዋለሁ። ፎርማኑ አወቀ «ማንጠግቦሽ ካልያዘችው አልገነባም» ይል ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ግን የኔ ነበር።

ከዚያ ትሕትና ቢጫ ሣጥን ይዛ መጣች። ሌዘር ይሉታል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ ራሱ እየተሽከረከረ ቀይ ብርሃን ዙሪያውን ይረጫል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ዘንግ ይይዛል፤ ዘንጉ ላይ የታሰረችው ትንሽ መሣሪያ ብርሃኑን ስታገኝ ትጮኻለች። እኛ ግማሽ ቀን የምንፈጅበትን በአንድ ሰዓት ጨረሰችው። አወቀ ቱቦዬን አጥሩ ላይ ሰቀለው።

እሷማ ሰው ፊት አቅፋኝ፣ «ማንጤ እኮ አንደኛ ነበር የምትወጣው» አለች። ሠራተኞቹ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ያን ቀን ጫማዋን፣ ንጹሕ ጥፍሯን፣ ልክዋ የሆነውን የራስ ቆብ ሳይቀር ስቆጥር ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ዘንግ መያዝ ሆነ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ በምሥራቅ ጥግ የጥበቃ ቤቱን የሚሠራው ግንበኛ ቱቦ ፈለገ። አውርጄ ሄድኩ። ልኩን ከግንባታው መሃል አምጥቼ በዚያ በኩል የወለሉ ከፍታ ከተመለከተበት ችካል ጋር ሳነጻጽረው፣ በሌዘር የተሠራው ምልክት ከውሃው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ቱቦው አየር ገብቶበት እንደሆነ አየሁ፣ የለም። ደግሜ አነበብኩ። ያው ነው። ወለሉ እንደዚያ ከፈሰሰ ውሃ አንድ ወገን ይተኛል፣ እህሉም ይበሰብሳል። አርማታው የሚፈስሰው ዓርብ ነበር። ቱቦውን ጠቅልዬ መለስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዓርብ አልፎ ሲታይ ትሕትና ምን እንደምትመስል ማየት ፈልጌ ነበር።

ሐሙስ ማርያም ነበረች፤ ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ትሕትና ነጠላዋን ሳታወልቅ ቤቴ መጣች።

«ማንጤ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነይልኝ። ቱቦሽን እንወስዳለን።»

የግንባታው ዘበኛ ጋሼ ገዳሙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ዛሬ በማርያም ምን ልትቆፍሩ ነው?»

«አንቆፍርም ጋሼ፣ ማየት ብቻ ነው።»

«ማየት አልከለክልም።»

ሌዘሩን ከጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ሃያ ሜትር አርቃ አቆመችው። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን በእርሳስ አሰመርኩ። ከዚያ ማቆሚያውን ሳትነካ ማሽኑን ብቻ ፊቱን ወደ ኋላ አዞረችው። ደህና ቢሆን ብርሃኑ እዚያው መስመር ላይ ይመለስ ነበር። አልተመለሰም። በሁለቱ መስመሮች መካከል ሁለት ሳንቲሜትር ከአራት ሚሊ ሆነ።

«የትኛው ነው ልኩ?» አልኳት።

«አንዳቸውም። ልኩ መሃላቸው ነው።» መሃሉን ለካች፣ አሰመረች። «አሁን ቱቦሽን።»

አንዱን ጫፍ ማሽኑ ብርሃን ከሚያወጣበት ከፍታ ላይ ያዘች፣ ሌላውን እኔ ግድግዳው ላይ። ውሃው እየተወዛወዘ ቆየና መሃለኛው መስመር ላይ ቆመ። ከዚያ ቁልፎቹን እየነካካች ብርሃኑን ወደ መሃለኛው መስመር አመጣችውና እንዲይዘው አደረገች። ማሽኑን መልሳ አዞረችው፤ ብርሃኑ ከመስመሩ አልተነቃነቀም። በቀሩት ሁለት ጎኖችም ሞከረችው፣ ደህና ነበሩ። ሲመጣ ከብረት ጋር በአይሱዙ ስለተጫነ ተንገጫግጮ ሊሆን ይችላል አለች። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘንግ ስይዝ ማሽን እንዲህ ራሱን በራሱ እንደሚያጋልጥ አላውቅም ነበር። ከጫማዋ ይልቅ በዚህ ቀናሁባት።

በታረመው ማሽን የምሥራቁን ችካሎች አንድ በአንድ አየናቸው፤ ስምንቱ ስተዋል። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ያዘች።

«ተዪው፣» አሉ ጋሼ ገዳሙ። «ማየት ነው ያልኩት። በማርያም ችካል አይነቀልም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልተናገሩ ማንም አያየንም።»

«እሷ ታያለቻ።»

ትሕትና ችካሉን ለቀቀችው። ያን ቀን ቢነቀሉ ኖሮ ስህተቱን ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር። አሁን ግን በማግስቱ፣ ሠላሳ ሰው ፊት፣ ለአወቀ መንገር አለባት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ቱቦውን ሁለቴ ስታነቢ አይቼሻለሁ፣» አለችኝ። «ለዚህ ነው የፈተሽኩት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ ትናንት ሙሉ ጠበቅሁሽ።»

 ቱቦውን ጠቀለልኩ።

ዓርብ ጠዋት ማደባለቂያው ተነሥቶ፣ ሠራተኛው አካፋ ይዞ ቆሞ ሳለ ትሕትና አወቀን ጠራችው። «በምሥራቅ በኩል ስምንት ችካል ተሳስቷል። ማሽኑን ሳልፈትሽ ነው የጀመርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አሁን ነው የሚነገረኝ? በቱቦ ስንሠራ እንዲህ ያለ ጉድ አይተን አናውቅም።» ከኋላ የሳቀ አለ። አወቀ ወደ እኔ ዞረ። «ማንጠግቦሽ፣ አንቺ በዚያ በኩል አልለካሽም? አላየሽም?»

ትሕትና መሬት መሬት ታያለች። አላየሁም ብል እንደማታጋልጠኝ አወቅሁ። ይህ መሸፈኗ ነው ያናደደኝ።

«አይቻለሁ። ማክሰኞ።»

«ታዲያ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ምክንያት የለኝም» አልኩ። ነበረኝ።

አወቀ ማደባለቂያውን አስጠፋ። «አርማታው ሰኞ ነው፣» ብሎ ሰዉን በተነ። «እናንተ ሁለታችሁ ችካሉን ንቀሉ።»

እስከ ቀትር ነቅለን መልሰን ተከልን። እሷ ልኩን ትጠራለች፣ እኔ እመታለሁ። ማንጤ አላለችኝም፤ «ማንጠግቦሽ፣ ትንሽ ዝቅ» ነበር የምትለኝ። ስንጨርስ አወቀ ተመልሶ መጣ፣ ንዴቱ በርዶለታል። ማሽኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ «እስቲ እንዴት እንደሚፈተሽ አሳዪኝ፣» አላት። ሦስት አራት ወጣቶች ከበቧት። ጠዋት የሳቀባት ሳይቀር ነበረ።

ከመጀመሪያው ጀምራ አሳየችው፤ መስመሩን፣ ዙሩን፣ መሃሉን። እኔ ግድግዳው ጋ እርሳስ ይዤ ምልክት አደርግላቸዋለሁ። ለእኔም ቁልፉን አስነኪኝ ማለት ፈልጌ ነበር። ብጠይቃት እምቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ። አልጠየቅኋትም።