ሰርገኛን ረጃፍ ያደረስኩባት ቅዳሜ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሙኑኪ

ቅዳሜ ማለዳ ከምኖርበት ሰፈር ከሙኑኪ በእግሬ የተነሳሁት ውሻዬን ለሰው ልሰጥ ነበር። ይህን ከፊት የምናገረው አንባቢዬ አገር ሊጎበኝ የወጣ ሰው አድርጎ እንዳይቆጥረኝ ነው። ጁባ ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሁለት ዓመት በቀያሽነት ሠርቻለሁ። የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ኮንትራቴ አለቀ፤ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። እዚያ የሚጠብቀኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱንም ሚስቴና ልጄ ከነዕቃቸው ሞልተውታል። ሜዳ የለመደች ውሻ እዚያ ማስገባት እሷንም እኛንም መበደል ነው።

ስሟ ሰርገኛ ነው። ነጭና ቀይ ጠጉሯ እንደ ሰርገኛ ጤፍ የተደባለቀ ስለሆነ ያወጣሁላት ነው፤ ጤፍ የናፈቀው ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል። ጎረቤቶቼ አሳጥረው ሳራ ይሏታል፤ በሁለቱም ስም ስትጠራ ትዞራለች። የተከራየሁት ግቢ ስገባ ከውኃ ታንከሩ ሥር ተኝታ አገኘኋት። ማን ትቷት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በእግሬ ስወጣ ተከተለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የሄድኩበት ማለዳ ትዝ አይለኝም።

እነዚያን ማለዳዎች እንዴት ብዬ ላውራችሁ? ዝናብ የጠጣው ቀይ አፈር ጫማ ይይዛል። ጄኔሬተሮቹ ጠፍተው ከተማው ፀጥ ብሏል፤ ከማንጎ ዛፎቹ ጠል ይንጠባጠባል። ሰርገኛ አሥር እርምጃ ያህል ትቀድመኛለች፣ ትቆማለች፣ ዞራ ታየኛለች፣ ትቀጥላለች። የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ስሄድ እርምጃ እቆጥራለሁ። ከእሷ ጋር ግን መቶ ሳልሞላ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እየሄድኩ እንደሆነ የማልለይበት ጊዜ ነበር። ሻይ የምታፈላውን ሴት፣ ብስክሌት ጠጋኙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ያስተዋወቀችኝ እሷ ናት። ዛሬም ቢሆን ሰላምታው መጀመሪያ ለእሷ ነው፤ ከተረፈ ለእኔ።

ለሰው ልሰጣት ስሞክር ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ከተማው ዳር ምግብ ቤት ላለው ያገሬ ልጅ ሰጥቻት፣ ጥብስ እየበላች ሳለች በጓሮ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እሷ ግን የሰውየውን ጥብስ ጠርጋ በልታ በሁለተኛው ቀን እያነከሰች፣ አንድ ጆሮዋ ተቀድዶ እኔ ጋ መጣች። ጁባ ላይ ባለቤት የሌለው ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ወይ መኪና ወይ ጥይት ያገኘዋል። አሁን በምወስዳት በረጃፍ፣ ከከተማው በስተደቡብ ባለችው መንደር፣ ካልረጋች፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ያንን ሁሉ መንገድ ተመልሳ ባዶ ቤት እንደምትፈልግ አውቃለሁ።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ማላኪያ

አንገቷ ላይ ገመድ ሳስር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። በከተማው መኪና ይበዛል፤ ከከተማው ወዲያ ደግሞ መንገድ ዳር ቀይ የተቀቡ ድንጋዮች አሉ። ከድንጋዮቹ ማዶ ያለው መሬት ፈንጂው ተነቅሎ ያላለቀ ነው። እኔ ይህን በሥራዬ አውቃለሁ፤ እሷ ቀይ ቀለም አታነብም።

የማላኪያ ገበያ ስንደርስ ገመዱ ጉድ አፈላ። እዚህ አገር ውሻ በገመድ የሚጎትት ሰው ወይ ሊሸጥ ነው ወይ ውሻው ነክሷል። ሱቁን ሲከፍት የነበረ ነጋዴ ጠራኝ።

«ከሊብ ዴ ቢካም?» የውሻዋን ዋጋ መጠየቁ ነው።

«ማፊ፣ አትሸጥም» አልኩት በምችለው የጁባ ዓረብኛ።

«ነከሰች?»

«አልነከሰችም።»

ሰውየው ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ሰርገኛን አያት፣ ከዚያ እኔን። «አትሸጥም፣ አልነከሰችም። ታዲያ ምን አድርጋህ አሰርካት?»

አጠገቡ ካለው ቤት ፉልና ዳቦ በአራት ፓውንድ፣ ሻይ በአንድ ፓውንድ ገዝቼ ቁርሴን በላሁ። ሰርገኛ የዳቦዬን ግማሽ ከጠረጴዛው ሥር ተቀበለችኝ። እንደ ታሰረች ገብቷት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ገመዱን አንድ ጊዜ አሽታ ተወችው። ከእሷ ይልቅ እኔ አፈርኩ።

3 ሰዓት፣ የደቡቡ መንገድ

ከገበያው ግርግር ወጥተን የደቡቡን መንገድ ስንይዝ ቤቶቹ እየሳሱ፣ ሣሩ እየረዘመ ሄደ። አንድ የዛገ ታንክ መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ በአፈሙዙ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። በግራችን ነጭ ዓባይ አልፎ አልፎ በዛፎች መሃል ብልጭ ይላል። ዝናቡ ያለፈ ሰሞን ስለነበረ ውኃው ሰፊና ወፍራም ነው፤ ከላይ የመጣ ሣር እንደ ደሴት ተያይዞ በላዩ ይንሳፈፋል። አንዱ ሣር ላይ ነጭ ወፍ ቆማ፣ ሳትንቀሳቀስ ወደ ከተማው ሄደች።

ከዚህ በኋላ ስላለው አንድ ሰዓት ብዙ መጻፍ አልችልም። ከሩቅ የረጃፍ ተራራ ሾጣጣ ሆኖ ይታያል፤ ሲሄዱበት አይቀርብም። ሙቀቱ ገና አልከረረም። ሰርገኛ ገመዱን ሳትስብ ጎኔን ይዛ ትሄዳለች፤ የእግሯ ኮቴ ከእኔ ኮቴ ጋር እየገጠመ ይለያያል፣ እየተለያየ ይገጥማል። ይህ መንገድ ባያልቅ አልኩ በልቤ። ሁለት ዓመት መንገድ እንዲያልቅ የሠራሁ ሰው እንዲህ መመኘቴ አሳቀኝ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ አልጠረግኩትም።

4 ሰዓት ተኩል፣ ረጃፍ

ኛዳክ ከሩቅ አይታን ወደ መንገዱ ወጣች። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ያደገች ልጅ ናት፤ ሰላም ሲሆን ተመልሳ ከእኛ ድርጅት ገባችና አንድ ዓመት የመለኪያ ዘንግ ይዛልኛለች። ከዚያ የረጃፍ ዓሣ አጥማጅ አግብታ እዚህ ቀረች። ውሻዋን የሚፈልጉት አማቷ ናቸው።

«ኢንጂነር! በእግርዎ? መኪናውን ቀሙዎት እንዴ?»

«እሷ መኪና አትወድም።»

«እሷን ሰበብ አያድርጓት። መድረስ አልፈለጉም» አለችና ሳቀች። አላበለችም።

አማቷ፣ ሽማግሌው ዋኒ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ረጅም፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። በየማለዳው ልጃቸው የዘረጋውን መረብ ለማየት ወንዝ ይወርዳሉ፤ ውሻቸው ባለፈው ክረምት ስለሞተባቸው በዱላ ብቻ እየሄዱ ነው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰርገኛ አሸተተችውና ተኛች። የተጠበሰ ዓሣና ኪስራ ቀረበልን። ኪስራ የማሽላ ነው፤ ስስ እንጀራ ብትሉት አይቆጣም። ለሰርገኛም የዓሣ ጭንቅላት ተጣለላት።

ወደ ኛዳክ ጠጋ ብዬ «እሷን እዚሁ ዛፍ ላይ እሰራትና እየበላች ሳለ ሹልክ ልበል» አልኳት። ለአማቷ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«ምን አሉ?»

«‹ሌባ ነው?› እያሉ ነው» አለች ኛዳክ።

«እንዳታዝን ብዬ ነው።»

እሳቸው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እሷ እየጠበቀች መለሰችልኝ። «ተደብቆ የሄደ ሰው ይፈለጋል ይላሉ። በዓይን እየታየ የሄደ ሰው ግን ሄዷል፤ አይፈለግም።»

ያነሳሁትን ዓሣ መልሼ አስቀመጥኩ። ወደ ጁባ የመጣሁ ቀን ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። እንዳታለቅስ ብለን፣ እኛ አገር እንደሚደረገው፣ ሳትነቃ ሻንጣዬን ተሸክሜ ወጣሁ። በጥበባችን ኮርተን ነበር። ሚስቴ በኋላ እንደነገረችኝ ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ሥርና ቁምሳጥን ውስጥ ስትፈልገኝ ከረመች። ይህን ለኛዳክም ለሽማግሌውም አልተናገርኩም። ገመዱን ግን ፈታሁት።

6 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ወንዙ ዳር

በሽማግሌው ቤት ውሻ የሚቀበሉት አብሮ በመሄድ ነው። ውሻዋ በየቀኑ የምትሄድበትን መንገድ ሰጪና ተቀባይ አንድ ጊዜ አብረዋት ይሄዱታል። ሲወርዱ ሰጪው ይቀድማል። ወንዙ ጋ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሲመለሱ ተቀባዩ ከፊት፣ ሰጪው ከኋላ ነው። ከዚያ ሰጪው እየታየ ይሄዳል።

እኔ ቀደምኩ። ሰርገኛ እንደ ልማዷ አለፈችኝና አሥር እርምጃ ርቃ፣ ዞራ አየችኝ። በማሽላ እርሻ ዳር፣ በአንድ ኩይሳ ጎን፣ ተዳፋቱን ወርደን ወንዙ ደረስን። ውኃው ከቅርብ ሲታይ ድምፅ የለውም፤ ብቻ ይሄዳል። ሽማግሌው ታንኳዋን በእጃቸው ዳብሰው መኖሯን አረጋገጡ። ሰርገኛ እስከ ሆዷ ውኃ ገብታ ጠጣች፣ ወጥታ ሦስታችንንም አርከፈከፈችን። ኛዳክ ጮኸች፣ ሽማግሌው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ለጥቂት ደቂቃ ለምን እንደመጣሁ ረሳሁት።

ስንመለስ ሽማግሌው ቀደሙ። በዱላቸው መሬቱን እየነኩ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ሰርገኛ አለፈቻቸው፣ አሥር እርምጃ ሄደች፣ ዞረች። ሰውየው አልደረሱም። ጠበቀች። ተመልሳ አምስት እርምጃ ቀረበች፣ እንደገና ቀደመች፣ እንደገና ዞረች። ኩይሳው ጋ ስንደርስ ርቀቱን ከአምስት ወደ ሦስት እርምጃ አውርዳው፣ በሽማግሌው እርምጃ ልክ ትሄድ ነበር። ማንም አላዘዛትም። ዞራ የምታየውም እሳቸውን ነበር፤ ደረሱ ወይ ብላ።

ቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። እንድታለቅስልኝ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ለሐዘኗ ማባበያ ቃል ሳይቀር ይዣለሁ። እሷ ደግሞ ሥራ አገኘች።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ተንበርክኬ የተቀደደ ጆሮዋን ያዝኩ። «ሰርገኛ፣ እኔ ልሄድ ነው» አልኳት። «አልመለስም። ከአባባ ጋር ሁኚ።» ዓይኔን አየችኝ፤ እጄን ላሰችው። ተነስቼ በመሃል መንገድ፣ እየታየሁ ሄድኩ። የተወሰነ ተከተለችኝ። ሽማግሌው በምላሳቸው ቀጭ የሚል ድምፅ አሰሙ። ቆመች። ወደ እኔ አየች፣ ወደ እሳቸው አየች። ከዚያ ዞራ ሄደች፤ ሦስት እርምጃ ቀደመቻቸው።

ኛዳክ ከኋላዬ «ኢንጂነር! እያየችዎት ነው፣ አይሩጡ!» አለችኝ። መሮጤን አላወቅኩም ነበር።

10 ሰዓት፣ ሙኑኪ

ወደ ከተማ የተመለስኩት ብዙ ጠብቄ ባገኘሁት ቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ነው፤ ሃያ ፓውንድ። አራት ሰዓት ያህል የሄድንበትን መንገድ ሞተሩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በላው፤ ከአቧራ በቀር ምንም አላየሁም። በሁለት ዓመት ሥራዬ ይህን ከተማ በቁጥርና በነጥብ ለክቼዋለሁ። የማስታውሰው ግን ከውሻ ኋላ ቀስ ብዬ የሄድኩበትን ብቻ መሆኑን በዚያ አቧራ ውስጥ ተረዳሁ።

ከመንገድ ላይ ለልጄ ደወልኩላት። ሰኞ እንደምመጣ ታውቃለች። ሌላ ጊዜ ለሥራ ከቤት ብወጣ ቀሰቅሳታለሁ አልኳት፤ ብታለቅስም።

«ለምን?» አለችኝ።

«እንድታይኝ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ የውሻዋን ስም ጠየቀችኝ፤ ነግሬያት አላውቅም ኖሯል።

ሙኑኪ ስደርስ ፀሐይዋ ለዝባ ነበር። ሻይ የምታፈላው ሴት ከሩቅ ወደ እግሬ ሥር አየች፣ ከዚያ ወደ ፊቴ፣ እጇንም አነሳችልኝ። ግቢዬን ከፍቼ ገባሁ። ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ጎረቤቴ «ምን ትጠብቃለህ?» እስክትለኝ ድረስ፣ ሰርገኛ እንድታልፍ በሩን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር።